ባዶ «እሺ»

ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቀመሪያ ከመካኒሳ ወደ ነፋስ ስልክ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጣ፣ የምትወደው ሰው ለጓደኛዋ ደብዳቤ ሲሰጥ በዓይኗ በብረቱ አየች።

ሬድዋን ፋርማሲው በር ላይ ቆሟል። ሄርሜላ ነጭ ጋውኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ፊት ለፊቱ ቆማለች። እሱ ከጃኬቱ ኪስ ትንሽ ደብተር አወጣ፤ አንድ ነገር ጫር ጫር አድርጎ አሳያት፤ አንብባ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ከደብተሩ አንድ ገጽ ገንጥሎ ሰጣት። እሷም ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገችው። የተዘጋጋው መንገድ ሲከፈት ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ። ቀመሪያ «ወራጅ አለ!» ልትል አፏን ከፈተች። ወርዳስ ምን ልትል ነው? አፏን መልሳ ዘጋች።

ከሰኞ ጀምሮ ሬድዋን ስልኳን አያነሳም። ደውላ ደውላ ሲሰለቻት ትጽፍለታለች፤ እሱም «ደህና ነኝ»፣ «ሥራ ይዣለሁ»፣ «በኋላ» እያለ ይመልሳል። ከቴሌ የሚመጣ መልእክት እንኳ ከዚህ ይረዝማል። ለእሷ ሁለት ቃል የከበደው ሰው ለሄርሜላ ገጽ ሙሉ ይጽፋል ማለት ነው።

ሬድዋን የመካኒሳ ታክሲ ተራ አስከባሪ ነው። ድምፁን የማያውቅ የመካኒሳ ሰው የለም። «ሀና ማርያም! ጀሞ! ነፋስ ስልክ!» ሲል በሦስተኛው መንገድ ያለች ሴት ቦርሳዋን አንስታ ትሮጣለች። ቀመሪያም መጀመሪያ የወደደችው ድምፁን ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ለትምህርቷ የሰዎችን ድምፅ ስትቀርጽ፣ ስልኳን ወደ እሱ ዘርግታ ብትቆም ጊዜ «ምነው እህት፣ ከትራፊክ ፖሊስ ነው የተላክሽው?» አላት። ሳቀች። ቀረጻው በሳቋ ተበላሸና በማግስቱ እንደገና ልትቀርጽ መጣች፤ በማግስቱም መጣች። እውነቱን ለመናገር የቤት ሥራው ከገባ በኋላ እንኳ መምጣቷን አላቆመችም።

አሁን ግን ተራው ላይ ከሰኞ ወዲህ የሚጮኸው ሌላ ጎልማሳ ነው። ቀመሪያ ይህን አይታለች፤ ለክፍል ስለዘገየች ግን ወርዳ አልጠየቀችም። እሷ ለሁሉም ነገር እንደዘገየች ነው። ሁለተኛ ዓመት የማስተርስ ተማሪ ናት፤ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ነው የምትማረው። አባቷ ሐጂ ሱልጣን ባጭሩ «አፍ ማስፈታት» ይሉታል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት መካኒሳ ባለው የማሠልጠኛ ክሊኒክ ታካሚ ታያለች። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ክፍል ትገባለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዘወትር ነፋስ ስልክ ካለው የአባቷ የሴራሚክና የቧንቧ ዕቃ መደብር አትጠፋም፤ ሐጂ ሱልጣን «ተማሪ፣ ሱቄን ግን እንዳትረሺ» ብለው ነው የፈቀዱላት።

ባንኮኒው ስር ላፕቶፕ አላት። አፋቸውን ያልፈቱ ልጆችን ድምፅ ቀርጻ ትመጣና፣ ኢርፎኗን ሰክታ ትንፋሻቸውን ሳይቀር ወደ ጽሑፍ ትገለብጣለች። አምስት ደቂቃ የልጅ ወሬ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። መሃል ላይ ደንበኛ ይገባና «ሲፎን አላችሁ?» ይላታል፤ አንድ ቀን «ሲፎን» የሚለውን ቃል ከሕፃኑ ንግግር ጋር ጽፋ ለመምህሯ ለዶክተር አባይነህ አስገብታለች። ማታ ቤቷ ስትደርስ ጆሮዋ ዝሎ እናቷ እንኳ እራት መቅረቡን በእጃቸው ነው የሚነግሯት። እሑድ ሬድዋን በቴሌግራም የላከላትን የድምፅ መልእክትም እንዲሁ፣ ጆሮዋ እስኪያርፍ ብላ ሳትሰማው «እሺ፣ በኋላ እናወራለን» ብላ መልሳ አስቀምጣዋለች። ከዚያ ሳምንቱ መጣና ረሳችው።

ሳምንቱ ደግሞ እንደሌላው ሳምንት አልነበረም። አናስ የሚባል የአስመጪ ልጅ፣ አባቷ ሴራሚክ የሚረከቡት ሰው ልጅ፣ እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ሐጂ ሱልጣን ልጃቸውን የሚያስገድዱ አባት አይደሉም። «ዓርብ ማታ መልስሽን ንገሪኝ» ነው ያሏት። «ልብሽ ሌላ ሰው ጋ ካለ፣ ያ ሰው ከእሑድ በፊት ደጄን ያንኳኳ። ከሌለ ግን የሰው ሽማግሌ አላጉላላም።»

ዛሬ ሐሙስ ነው። የአባቷን ደጅ ያንኳኳል ያለችው ሰው ፋርማሲ በር ላይ ቆሞ ለሌላ ሴት ወረቀት ይገነጥላል። ቀመሪያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ እንዳያዩባት በሂጃቧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

* * *

ሱቅ ስትደርስ የመጀመሪያ ሥራዋ ለሄርሜላ መጻፍ ነበር። «ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ክሊኒክ፣ ምነው?»

ውሸት! ፋርማሲው ከክሊኒኩ አንድ መቶ ሜትር ይርቃል። አንድ መቶ ሜትር ውሸት። ሄርሜላ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አብራት የበላች፣ አብራት ያጠናች፣ ለፈተና ሲያድሩ አንድ ብርድ ልብስ የተጋራቻት ልጅ ናት። ቀመሪያ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ነገር ወደ ኋላ እየመለሰች ትገጣጥም ጀመር። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ክሊኒክ ድንገት ስትገባባት ሄርሜላ አንድ ፋይል በክንዷ ሸፈነች። በዚያው ቀን ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። ትናንት ደግሞ ከመሬት ተነስታ «የአናስ ነገር እንዴት ሆነ? እሺ ልትዪ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ለምን ፈለገችው? ቀመሪያ ለአናስ እሺ ብትል ማን ይጠቀማል?

አባቷ ከኋላ መጋዘን ወጥተው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

«ቀመር፣ ያ የመካኒሳው ተራ አስከባሪ የት ሄዶ ነው?»

ከስልኳ ቀና አለች። «የቱ?»

«ያ ድምፀ መልካሙ ነዋ። ከሰኞ ጀምሮ የለም። ከዚያ በፊትም ድምፁ ሲሻክር ከርሞ ነበር። በመኪና ሳልፍ ጉንፋን ይዞት ነው ስል፣ ጉንፋኑ ወራት ፈጀ።»

ቀመሪያ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሰማችው «ተራ አስከባሪ» የምትለዋን ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ሕዝብ መርጠው እሱን ያነሱት ለምንድን ነው? ማን ነገራቸው? እየፈተኗት ነው? «እኔ እንጃ አባባ፣ ታክሲ ተራ ማን እንዳለ አላይም» አለችና ወደ ላፕቶፑ አቀረቀረች። ሐጂ ሱልጣን ትንሽ ቆመው አይተዋት ወደ መጋዘኑ ተመለሱ።

ኢርፎኑን ሰካች። የአራት ዓመት ልጅ «ባ... ባ...» ይላል። ምንም አልጻፈችም። የሰው ሁሉ ዓይን ስለ እሷ የሚያውቀውን የሚደብቅባት መሰላት፤ የአባቷ ሳይቀር።

* * *

ዓርብ ጠዋት ክሊኒኩ ገና ሳይከፈት ሄርሜላን የቡድን ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን አገኘቻት።

«ትናንት ፋርማሲው በር ላይ አየሁሽ» አለች ቀመሪያ፣ ሰላምታም ሳታስቀድም።

ሄርሜላ የምታስተካክለው የሥዕል ካርድ ከእጇ ወደቀ። «ቀመር...»

«ምን ጻፈልሽ?»

ሄርሜላ ካርዱን ለማንሳት ጎንበስ አለች።

«ሄርሚ፣ እኔ ነኝ! ምን ጻፈልሽ? ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ልነግርሽ አልችልም።»

«አትችዪም ወይስ አትፈልጊም?»

«አልችልም።» የሄርሜላ ዓይን እንባ ሞላ። «በእናትሽ ስለ እሱ እኔን አትጠይቂኝ። ራሱን ጠይቂው።»

«ስልክ የት ያነሳና!»

«ስልክ አትደውዪ። በእግርሽ ሂጂ። ሄደሽ ደግሞ አትጩኺ፤ መጀመሪያ ጆሮ ስጪው።»

ቀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋ እንኳን ለሄርሜላ ለራሷም አስጠላት። «ስለ እኔ ሰው ምክር አንቺ ትሰጪኝ ጀመር?» ብላ በሩን ከኋላዋ ወረወረችው።

ከበሩ በላይ ዶክተር አባይነህ የለጠፉት ወረቀት አለ። አንድ ሰው ታካሚ መሆኑ እንኳ ያለ ታካሚው ፈቃድ ለማንም፣ ለእናትም ቢሆን አይነገርም ይላል። ሁለቱም የዛሬ ዓመት ከስሩ ፈርመዋል። ቀመሪያ በየቀኑ ከስሩ ታልፋለች፤ የዚያን ቀንም ከስሩ አለፈች።

የሦስት ሰዓት ታካሚዋ ስትሮክ የመታቸው አዛውንት ናቸው፤ በሚኒባስ ሾፌርነት ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ አሁን የውሃ ብርጭቆ ሥዕል እያዩ «ውሃ» ማለት የተሳናቸው። አምስት ሳምንት ለፍተዋል። ቀመሪያ ሥዕሉን ከፍ አደረገች። «ይሄ ምንድን ነው አባቴ?» ድምፅዋ መሃል ላይ ተሰበረ። አዛውንቱ ሥዕሉን ትተው ፊቷን አዩ። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ታገለ፤ ከዚያ ቃሉ ከአፋቸው ጥርት ብሎ ወጣ።

«አይዞሽ።»

በአምስት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው። መጻፍ ነበረባት፣ ሰዓቱን መመዝገብ ነበረባት፤ እሷ ግን የአዛውንቱን እጅ ይዛ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

* * *

የጁምዓ ሰላት ካለቀ በኋላ ታክሲ ተራው በሰው ተሞልቷል። ሬድዋን ግድግዳ ጥግ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የሚገቡትን ሚኒባሶች ታርጋ ወረቀት ላይ ይመዘግባል። አዲሱ ጎልማሳ ይጮኻል። ቀመሪያን ሲያያት ሬድዋን ተነሳ። መጀመሪያ ፊቱ በራ፤ ወዲያው ግን ያስታወሰው ነገር እንዳለ ሁሉ ጨፈገገ። ያን ጭፍግግታ ቀመሪያ አየችና የጥፋተኛ ፊት ነው ብላ ደመደመች። ሄርሜላ ጆሮ ስጪው ያለቻትን ረሳችው።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፣ እሄዳለሁ» አለች። «ሄርሜላን ነው የምትወደው?»

ሬድዋን ዓይኑን አፈጠጠ። ራሱን በኃይል ነቀነቀ።

«ጭንቅላትህን አትነቅንቅብኝ! አፍ አለህ! አምስት ቀን! አምስት ቀን ሙሉ ድምፅህን ነፈግከኝ። ዛሬ ማታ አባቴ መልስ ይጠብቃል፤ ታውቃለህ። እሑድ የሰው ሽማግሌ ቤቴ ይገባል፤ ታውቃለህ። እኔ ማንን ልጥራ? የማን ስም ልጥራ ሬድዋን? እወዳታለሁ ካልክ ለአባቴ ንገረው፤ አልወዳትም ካልክ ለእኔ ንገረኝ። አንድ ቃል! ለሀና ማርያም ተሳፋሪ ሁሉ የምትበትነውን ድምፅ ለእኔ አንድ ቃል ነፈግከኝ?»

ጎልማሳው መጮኹን አቆመ። ሾፌሮቹ በየመስኮታቸው አንገታቸውን አሰገጉ። የሬድዋን ከንፈር ተከፈተ፤ የአንገቱ ደም ሥር ተገተረ፤ ከዚያ እንደተቃጠለ ሰው እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ አፉን ገጠመ። ከደረት ኪሱ አንድ ነገር አወጣ።

«ሌላ ደብዳቤ? ለእኔም ልትጽፍልኝ ነው?»

ደብዳቤ አልነበረም። በላስቲክ የተሸፈነች የመዳፍ መጠን ያላት ካርድ ናት። ቀመሪያ ነጠቀችውና አነበበች።

«ድምፄን እያሳረፍኩ ነው። ስላልመለስኩልዎ አይቀየሙኝ።»

አንዴ አነበበች። እንደገና አነበበች። ቃሉን ታውቀዋለች። ጽሑፉም የራሷ ነው። ባለፈው ዓመት ለዶክተር አባይነህ ትምህርት፣ የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው እንዳይናገሩ ለሚታዘዙ ታካሚዎች በእጇ ጽፋ ያዘጋጀችው ካርድ ነው። መምህሯ ስለወደዱት ክሊኒኩ አባዝቶ ለታካሚዎች ያድላል። ከግርጌ ቀን የሚሞላበት ባዶ መስመር ትታ ነበር። መስመሩ በሄርሜላ እጅ ተሞልቷል፤ «ከሰኞ እስከ ሰኞ» ይላል።

የማይነሳ ስልክ። ተራው ላይ የሚጮህ ሌላ ሰው። በደብተር የሚያወራ ሰው። ይህንን ማንኛውም ታካሚ መጥቶ ቢነግራት ገና ሳይቀመጥ ትደርስበት ነበር። የገዛ ልቧ ሰው ሲሆን ግን ከሕመም ቀድሞ የታያት ክህደት ነበር። ሬድዋን ክንዷን ይዞ ከሕዝቡ መሃል አወጣት።

* * *

ተራው ገና ያልደረሰ ባዶ ሚኒባስ ነበር፤ ወደ ነፋስ ስልክ የሚሄደው። ሬድዋን በሩን ከፈተላትና ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጻፈ።

«ሄርሜላ ሐኪሜ ናት። ትናንት መድኃኒት ስገዛ ሻጩ ጽሑፌ አልገባ ስላለው ልታስረዳልኝ መጣች። የሰጠኋት ወረቀት ስንቴ ረስቼ እንደተናገርኩ የምመዘግብበት ነው። አንዴ ብቻ ነው የሳትኩት። ሚኒባስ እግሬን ሲረግጠኝ።»

በሌላ ቀን ይህ ያስቃት ነበር። «ለምን አልነገርከኝም?» አለች። «ለእኔ! ይህንኑ ለምማረው ለእኔ!»

ሬድዋን ገጹን ገለበጠ። ከዚያ ጻፈ። «እሑድ ነግሬሻለሁ።»

«አልነገርከኝም!»

ስልኳን በጣቱ አመለከታት። ከፈተችው። የድምፅ መልእክቱ እዚያው አለ፤ አጠገቡም አለመሰማቱን የምታሳየው ነጥብ። ከስሩ «እሺ፣ በኋላ እናወራለን» የሚል የራሷ መልስ። ሬድዋን ደብተሩን ወደ እሷ አዞረው።

«መልእክቱ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። እሺሽ በሃያ ሰከንድ ደረሰኝ። ባዶ እሺ ነው። ነጥቧን በየቀኑ አያታለሁ።»

ኢርፎኗን ሰካች። ያ በሦስተኛው መንገድ ያሉ ሰዎችን የሚያስሮጥ ድምፅ አልነበረም የመጣው። ሻካራ፣ የተሰነጠቀ፣ በየቃሉ መሃል የሚጠፋና የሚመለስ ድምፅ ነው።

«ቀመሬ... ድምፄን ትሰሚዋለሽ አይደል? እንዲህ ከሆነ አራት ወሩ ነው። አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ፤ ሥራሽ ስለሆነ። ደክሞሽ ነው አልኩና ራሴ ሄድኩ። ጉሮሮዬ ውስጥ የበቀለች ነገር አለች፤ ክፉ አይደለችም ብለውኛል፣ አትደንግጪ። ነገ ያወጧታል። ከዚያ ሰባት ቀን ዝም። በኋላ የሚወጣው ድምፅ የድሮው ይሁን ሌላ፣ ሐኪሞቹም እርግጠኛ አይደሉም። ልጽፍልሽ እችል ነበር። ግን የወደድሽኝ በዚህ ድምፅ ነው፤ ሳይወስዱት በዚሁ ልጠይቅሽ ብዬ ነው። አጎቴ ሁለት ሰው ይዞ አባትሽ ደጅ ለመሄድ ዝግጁ ነው። ቁርጡን ንገሪኝ። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ድምፄ ካልተመለሰ እሱም የለም። እንዲህም ሆኜ... እሺ ትያለሽ?»

ከዚያ የትንፋሹ ድምፅ ብቻ ቀረ። ስለ ትንፋሽ የምታውቅ ሴት ናት፤ የሚጠብቅ ሰው ትንፋሽ መሆኑን ለየችው።

ሬድዋን በዚህ መሃል ጽፎ ጨርሷል። «የአናስን መኪና ሱቃችሁ በር ላይ ማክሰኞ አየሁ። እሺሽ ለእሱ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ድምፄን ያልሰማች ሴት ጽሑፌን ምን ታደርገዋለች ብዬ ተውኩት።»

«እኔ ደግሞ አንተን በሄርሜላ!» አለች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። «የልጁን ትንፋሽ እየቆጠርኩ እጽፋለሁ፤ የሰውየውን ከንፈር ስከታተል እውላለሁ፤ የአንተ ድምፅ አጠገቤ አራት ወር ሲሞት አልሰማሁም። ከሁሉም ሰው የተረፈ ጆሮ ነበር የምሰጥህ፤ እሱም አልተረፈም። ወላሂ አልጠላሁህም፣ አልረሳሁህም፤ ነገ ይደርሳል እያልኩ ነው። ሬድዋን፣ አሁን ሰማሁህ። እስከ መጨረሻው ሰማሁ። እሺ!»

የሬድዋን ፊት ተለወጠ። ከንፈሩ ተከፈተ፤ ሊናገር ነው። ቀመሪያ በሁለት እጇ አፉን ያዘችው።

«አትናገር! ሦስት ቀን ይቀርሃል። ሹክሹክታም አይፈቀድም፤ እሱ ይብሳል። እባክህ አትናገር።»

ሚኒባሱ ተራ ደርሶት ወደፊት ሲሳብ ሁለቱም ወንበሩ ላይ ተናጡ። በሩ በኃይል ተከፈተና አንዲት ሴት ዘንቢላቸውን አስቀድመው ገቡ። «እናንተ ልጆች ትሄዳላችሁ ወይስ ትላቀሳላችሁ?» አሉ። ሬድዋን በዝምታ እየሳቀ ወረደና በመስኮቱ እያያት ቆመ። አንድ ቃል ስትለምን የዋለችው ሴት፣ ዝምታው እንዲህ ሞልቶ ሲፈስባት መሸከም አቃታት።

* * *

ሐጂ ሱልጣን የመጨረሻውን ደንበኛ ሸኝተው ገና ወንበር ሲይዙ ቀመሪያ ፊታቸው ቆመች። የሰው አፍ የምትፈታው ልጅ የራሷ አፍ ተሳሰረ። ለታካሚዎቿ እንደምትለው ትንፋሽ ወሰደች፤ ከሆዷ ጀመረች።

«አባባ፣ ሰው አለኝ። የመካኒሳው ተራ አስከባሪ ነው። ሬድዋን ይባላል።»

አባቷ መነጽራቸውን አወለቁ። «ያ ድምፁ የጠፋው?»

«ታሞ ነው። ሰኞ ጉሮሮው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል።»

«እኔ በመኪና ሳልፍ የሰማሁትን አንቺ አልሰማሽም ነበር?»

«አልሰማሁም።»

«ይህንኑ ስትማሪ እየዋልሽ?»

«አዎ አባባ።»

«ታዲያ እወደዋለሁ የምትዪው በምን አፍሽ ነው?»

ከሰው ሁሉ ይህንን ጥያቄ ያልጠበቀችው ከእሳቸው ነበር። ስለ ሥራው፣ ስለ ዘመዶቹ፣ ስለ ኪሱ ይጠይቁኛል ብላ መልስ አዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ለዚህ ግን ያላት እውነቱ ብቻ ነው።

«ባለፈው አልሰማሁትም አባባ። ከዛሬ በኋላ ሳልሰማው አልውልም። ሌላ የምለው የለኝም።»

ሐጂ ሱልጣን መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ውጭ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። «የሐኪም መልስ አይደለም» አሉ፤ «የሰው መልስ ነው። ለእነ አናስ ቤት አሁን እደውላለሁ፤ በከንቱ ሰው አላስለፋም። የልጁ ሽማግሌዎች ነገ ከአስር ሰዓት በኋላ ይምጡ። እሺ አላልኩም። እሰማቸዋለሁ ነው ያልኩት።»

«እሱ ግን መናገር አይችልም አባባ፣ እስከ ሰኞ...»

«ሽማግሌ ለምን ይላካል ታዲያ? እኔ እናትሽን ሳገባ አንድ ቃል ተናግሬያለሁ እንዴ?» አሉና፣ ፈገግታቸውን እንዳታይባቸው ወደ መጋዘኑ ዞሩ።

ቀመሪያ ባንኮኒው ጀርባ ገባች። ላፕቶፑን ዘጋችው። ስልኳን አነሳችና መጀመሪያ ለሄርሜላ «ይቅር በዪኝ። የፈረምሽበትን ቃል ስለጠበቅሽ ነው የሰደብኩሽ» ብላ ጻፈች። ከዚያ የሬድዋንን ስም ከፍታ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የድምፅ መቅረጫውን ተጭና በራሷ ድምፅ ነገረችው። አባቷ የጠየቋትን ጥያቄ፣ የመለሰችውን መልስ፣ ነገ አስር ሰዓት የሚለውን፣ አጎቱ ጫማቸውን በር ላይ እንዲያወልቁ፣ ሰኞ የሚወጣው ድምፅ የድሮው ሆነ አዲስ ቀድማ ሰምታው እንደምትወደው፣ ሁሉንም። አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ሆነ። ላከችው።

ነጥቧን አየቻት። ወዲያው ጠፋች፤ ከፍቶታል ማለት ነው። ሃያ ሰከንድ አለፈ፤ መልስ የለም። ሠላሳ። ቀመሪያ የግድግዳውን ሰዓት እያየች በልቧ ትቆጥራለች። አንድ ደቂቃ። አሁንም የለም። በሕይወቷ መልስ ሲዘገይ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ አለፈ፤ ትንሽም ተጨመረበት፤ ምናልባት ዓይኑን ለመጥረግ። ከዚያ ስልኩ በእጇ ውስጥ ነዘረ።

«እሺ» ይላል።